ናዝሬት በምድር ላይ ነበረችን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይደክም አዳማ ይደርሳል። ይህች ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፥ ጌታችን ባደገባት በገሊላዪቱ መንደር ስም ናዝሬት ተብላ ተሰይማ ነበር። ኋላ የቀደመው ስሟ ቢመለስላትም፥ ናዝሬት እያለ የሚጠራት ሰው ዛሬም አልጠፋም። በዚሁ ስም ምክንያት አንድ የሞጆ ተማሪ፥ «አባ፥ የገሊላዪቱ ናዝሬት በጌታ ዘመን ከቶ አልነበረችም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነውን?» ብሎ ጠየቀ። በአጠገቡ የነበሩ ሽማግሌዎች፥ «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» ብለው ገሠጹት። ልጁም አፍሮ ዝም አለ። ነገር ግን በልቡ ጥያቄ ሸሽጎ የሚኖር ልጅ አንድ ቀን ጥያቄውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊርቅ ይችላልና፥ መልስ ልንሰጠው ይገባናል።

የተጠራጣሪዎቹ ነገር መነሻ የሌለው አይደለም። የናዝሬት ስም በብሉይ ኪዳን መጻሕፍት አይገኝም። ዮሴፉስ የተባለው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊም በገሊላ የጦር አዛዥ ሆኖ ሳለ የአገሩን ብዙ ከተሞችና መንደሮች ሲጠራ፥ ናዝሬትን አልጠራትም። ከዚህ ተነሥተው፥ «ያልተጻፈች መንደር አልነበረችም» አሉ።

እንግዲህ ምድር ምን እንደ መሰከረች እንስማ። ከ1955 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ቤላርሚኖ ባጋቲ የተባለ መነኵሴ በናዝሬት የብሥራት ቤተ ክርስቲያን ሥር ቆፍሮ፥ ከዐለት የተፈለፈሉ የእህል ጉድጓዶች፥ የውኃ ማጠራቀሚያዎችና የወይን መጭመቂያዎች አገኘ። በዚያው አቆጣጠር በ1962 ደግሞ በቂሣርያ የእብነ በረድ ስባሪዎች ተገኙ። በላያቸውም ኢየሩሳሌም ከጠፋች በኋላ ሃያ አራቱ የካህናት ክፍሎች በገሊላ የተቀመጡባቸው ስፍራዎች በዕብራይስጥ ተጽፈው ነበር፤ ከስፍራዎቹም አንዷ ናዝሬት ናት።

ሆኖም ይህ ጽሕፈት ከጌታ ዘመን ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተቀረጸ ነውና፥ ተጠራጣሪው «ኋላ የተመሠረተች ትሆናለች» ማለቱ አልቀረም። በ2009 ግን ያርደና አሌክሳንደር የተባሉት ተመራማሪ በዚያችው በናዝሬት የአንደኛውን መቶ ዓመት መኖሪያ ቤት ቆፍረው አወጡ። ግድግዳው፥ ግቢውና የውኃ ማጠራቀሚያው ተገለጠ። የሸክላ ስባሪና አይሁድ ስለ ንጽሕና ሥርዓት የሚገለገሉበት ከነጭ ለስላሳ ድንጋይ የተሠራ ዕቃም ተገኘ። እነሆ፥ በጌታ ዘመን በዚያች ስፍራ እሳት ያነደዱ፥ ውኃ የቀዱ፥ ልጅ ያሳደጉ አይሁድ ነበሩ።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። በትግራይ በየሐ አጠገብ፥ ቤተ ሰማዕቲ በሚባለው ስፍራ፥ ሊቃውንት ቀድሞ ያላወቋት የአክሱም ዘመን ከተማ ከ2011 ጀምሮ ተቆፍራ፥ የአራተኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ተገኘባት። ስለዚህ የመጽሐፍ ዝምታ የአለመኖር ማስረጃ አይደለም።

ነገር ግን፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በዚህ ደስታ ከእውነት እንዳናልፍ እንጠንቀቅ። ቆፋሪዎቹ፥ «ይህ የእመቤታችን ቤት ነው» አላሉም፤ እኛም አንልም። የሸክላ ስባሪ የቃልን ሥጋ መሆን ሊያስረዳ አይችልም፤ ይህ በእምነት የሚታወቅ ምሥጢር ነው። ድንጋዩ የሚመሰክረው ወንጌላውያን የጠሯት መንደር በሕልም ሳይሆን በምድር ላይ የነበረች መሆኗን ነው። ለእምነት ብሎ ሐሰት የሚጨምር ሰው እምነትን አይረዳትም፤ ሐሰቱ የተገለጠ ዕለት ልጁን ያሰናክለዋልና።

ናትናኤልም ከናዝሬት መልካም ነገር መውጣቱን እንደ ተጠራጠረ እናስታውስ። ፊልጶስ አልተቈጣውም፥ ዝም በልም አላለው፤ መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ ጋበዘው እንጂ። ጌታም ያን ጠያቂ ተንኰል የሌለበት ሰው ብሎ አመሰገነው። እናንተም ልጆቻችሁ ሲጠይቁ እንደ ፊልጶስ ሁኑ። የማታውቁትን «አላውቅም፥ አብረን እንጠይቅ» በሉ። ከአባቶች የተቀበላችሁትን የብራና መጽሐፍና ጥንታዊ ንዋየ ቅድሳት ጠብቁ፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሕንፃ ስትቆፍሩም አሮጌ ነገር ብታገኙ አትጣሉ፥ ለሚያውቅ አሳዩ። ነገ ለሚጠይቅ ልጅ ምስክር ይሆናልና።

የዓለም መድኅን ሠላሳ ዓመት ያህል ያደገው ጸሐፊዎች ስሟን ሊጠሩ ባልፈለጉ ትንሽ መንደር ነው። ሞጆም መንገደኛ ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በውስጧ በጽሞና የምትደክሙ፥ ስማችሁ በማንም መዝገብ ያልተጻፈ፥ አትዘኑ፤ ሰው ያለፈውን ስፍራ እግዚአብሔር አያልፈውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።