አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ለሚሉኝ
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ጉባኤ ላይ የተነበበ)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለምወዳቸው ነገሮችና ስለማደንቃቸው ሰዎች እንድናገር ስሜን ከመዘገበ በኋላ «ነገር ግን አንድ ነገር ብቻ ምረጥ፤ አለዚያ ጉባኤው ያንቀላፋል» ሲል አስጠንቅቆኛል። እኔ ግን መምረጡን ትቼዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ ግብርና የሚማር ሰው ከአፈርና ከዘር በቀር ሌላ አይመልከት የሚለው ሐሳብ ራሱ ዛሬ ልከራከረው የምሻው ነውና።

የመርሳን ማንጎ እወዳለሁ፤ በዚህ ነገር ከማንም ጋር ክርክር አልገጥምም። ዜማ እወዳለሁ፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ምድር ስም በመጠራታቸው እኮራለሁ። መንዙማም ቢሆን ቅዳሴም ቢሆን ጆሮዬ አያዳላም፤ የእናቴ ወገኖች በአንዱ፣ የአባቴ ወገኖች በሌላው አሳድገውኛልና። ጂኦሜትሪ እወዳለሁ። እግር ኳስም እወዳለሁ፤ ማየቱን ነው እንጂ መጫወቱን አይደለም። አሮጌ ካርታ ያገኘሁ እንደ ሆነ ምሳዬን እረሳለሁ። በካርታ ላይ ከመርሳ ወደ ደሴ መንገዱን በጣት ሲከተሉት ውጫሌ ትገኛለች፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት። የአንቀጽ 17ን ነገር ሁላችንም ተምረነዋል። እኔን ደስ የሚለኝ ግን የየጁው የራስ ጉግሣ ዘር እቴጌ ጣይቱ በጣልያኑ መልክተኛ በአንቶኔሊ ፊት እንቢታቸውን ሳይሸፍኑ መናገራቸው ነው።

ወደ ትምህርቴ ልመለስ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ናት ብሎ ጽፏል። በኋላ ሊሴንኮ የሚባል ሰው ከመንግሥት ጋር ተወዳጅቶ የዘር ሳይንስን ሐሰት ባሰኘ ጊዜ ቫቪሎቭ ያየውን አላየሁም ሊል እንቢ አለ። ታሰረ፤ በጥር 1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት ሞተ። ሰው እንዳይራብ ዘር ሲሰበስብ የኖረው ሊቅ የሞተው በረኃብ ተዳክሞ ነው።

ከእኛ ደግሞ ዶክተር መላኩ ወረደን አነሣለሁ። እርሳቸው በ1970ዎቹ የዘር ማከማቻውን ማዕከል ሲመሩ፣ የገበሬው ነባር ዘር ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አዲሱ ምርጥ ዘር ይተካው የሚለው ሐሳብ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የጸና ነበር። እርሳቸው ግን ገበሬው ራሱ ዘር መራጭ ነው፤ ዘሩም በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በማሳውም ላይ ይጠበቅ አሉ። ድርቅ ሲመጣ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው የለውም። ስለዚህ ነባሩ ዘር ለክፉ ቀን እንዲቀመጥና ለገበሬው እንዲመለስለት ደከሙ። በ1982 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን የዓለም ሽልማት አገኙ። የስሪንቃን ምርምር ማዕከል አልንቅም፤ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ በሐብሩ ቆላ ምን እንደሚጠቅም አውቃለሁ። ሆኖም «ጅጉርቲ» የሚባለውን ማሽላችንን እየመረጡ ለዚህ ያደረሱት ገበሬዎች እንጂ ላቦራቶሪ አለመሆኑን የነገሩኝ መጽሐፍ ሳይሆኑ አጎቴ ናቸው።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ረኃብን ሰማዩ ብቻ አያመጣውም፤ ገበሬውን በጉልበቱ ፍሬ እንዳያዝ የሚያደርገው ሥርዓት ነው ለረኃብ የሚያጋልጠው ብለው በማስረጃ ተከራክረዋል። በ1965 ዓ.ም. ለተራበው ለወሎ ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. የሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን መሠረቱ፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላም በሰባ አምስት ዓመታቸው ታሰሩ። «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሳነብ ግን በብዙው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «አይመስለኝም» እያልሁ ጽፌአለሁ። (መጽሐፉ የራሴ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ አይደንግጡ።) ሰውን ማድነቅ ማለት ሁሉን አሜን ማለት ነውን?

የዘርዐ ያዕቆብን «ሐተታ» አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የጻፈው የአክሱሙ ሊቅ ነው ወይስ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣልያናዊ መነኩሴ የሚለው ሙግት፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ካስነሣው ወዲህ አልተቋረጠም። ክላውድ ሳምነር የኢትዮጵያዊው ነው ብለው ብዙ ጽፈዋል። በእኛ መኝታ ቤት ግን መጽሐፉን ሳይከፍቱ፣ ገሚሱ የእኛ ስለ ሆነ፣ ገሚሱ የእኛ ስላልሆነ ይጣላሉ። የመጽሐፉ ስም ግን ምርመራ ማለት ነው!

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ ያዩትን ያላየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ሐሳብ ሲናገር «ምን አለ?» መባሉ ቀርቶ «የማን ነው?» ይባላል። ጎበዝ ተማሪዎች ሲያዩ ያዩትን እየዋጡ ዝም ሲሉ አያለሁ። ዝምታቸውን አልነቅፍም፤ ምክንያት አላቸው።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ነገር አቀርባለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ የክርክር ጉባኤ ይኑረን፤ ተከራካሪው የራሱን ሳይሆን የተቃዋሚውን ሐሳብ፣ ተቃዋሚው «አዎን፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አስቀድሞ ያስረዳ። መጀመሪያው ርእስ «ነባር ዘር ወይስ ምርጥ ዘር?» ይሁን፤ በዚህ የሚቈጣ ፖለቲከኛ የለም ብዬ ነው። እኔ ለምርጥ ዘር እከራከራለሁ። ለነባሩ የሚቆም ሰው እስከ ሰኞ ስሙን ለጸሐፊው ይስጥ።