ስለ ፎስፌት ጨውና ስለ ጢቾ ገብስ



በአርሲ ደጋ፥ በጢቾ በኩል፥ የዘር ጊዜ ሲቃረብ ከገበሬ ቤት ጥግ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ከረጢት ተደግፎ ይታያል። ፈታ አድርጋችሁ እጃችሁን ብትሰዱበት የምታገኙት እንደ ምስር ፍሬ የደቀቀ፥ ግራጫ ወይም ቡናማ ጠጠር ነው። ለዚህ ጠጠር ገበሬው አንድም በግ ሸጦበታል፥ አንድም ተበድሮበታል። እንግዲህ ይህ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር ምን እንደ ሆነ፥ እንዴትስ ቢጨመር ገብሱ እንደሚመገበው፥ እንዴትስ ቢጨመር አፈሩ እንደሚቀማው ጥቂት እንነጋገራለን።

ገበሬው ዳፕ ይለዋል፤ ሊቃውንቱ ዳይ አሞንየም ፎስፌት ይሉታል። ጨው ነው፤ ነገር ግን ወጥ የሚጣፍጥበት ጨው አይደለም። በኬሚስትሪ ቋንቋ ጨው የሚባለው አሲድ ከተቃራኒው ጋር ሲገናኝ የሚወለደው ነው፤ ይህም የተወለደው ከፎስፎሪክ አሲድና ከአሞንያ ነው። አሲዱ የሚወጣው ከመሬት ከሚቈፈር የፎስፌት ድንጋይ ሲሆን፥ ከታወቀው የዓለም ክምችት አብዛኛው በሞሮኮ ይገኛል። ንጹሑ ጨው ነጭ ነው። በውሃም ፈጥኖ ይሟሟል፤ አንድ ሊትር ውሃ ከግማሽ ኪሎ የሚበልጠውን ይቀበላል።

በከረጢቱ ላይ 18 እና 46 የሚሉ ቍጥሮች ተጽፈው ታያላችሁ። ከአንድ ኩንታል 18 ኪሎው ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። 46ቱ ግን ፎስፎረስ ብቻ አይደለም፤ በቈየው የንግድ አቈጣጠር ፎስፎረሱ ከኦክስጅን ጋር ተደምሮ የተሰላ ነው። ለብቻው ቢመዘን 20 ኪሎ ያህል ይሆናል። የቀረውን አሸዋ ነው ብሎ የሚጠረጥር አይጠፋም፤ አሸዋ ግን አይደለም፥ አብዛኛው በጨውነቱ ውስጥ የተዋሐደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው።

ፎስፎረስ ያነሰው ገብስ ሥሩ አይሰድም፤ ቅጠሉ ከመጠን በላይ ይጠቍርና ወደ ሐምራዊ ይሳባል፤ ቡቃያው ይቀጭጫል፥ አዝመራውም ይዘገያል። በደጋ መዘግየት ለውርጭ መጋለጥ ነው።

ማዳበሪያው ወደ አርሲ በብዛት የገባው እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፥ ከተሻለ የስንዴ ዘር ጋር ለገበሬው በዱቤ ማደል ከጀመረ በኋላ ነው። ጢቾ በጊዜው ሌላ አውራጃ ነበርና ከዚህ ውጭ ቀረ፤ ሥራው መላውን አርሲ ያዳረሰው ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አርዱ ከተባለ ወዲህ ነው። ይህን ካነሣን አይቀር አንድ የማይደበቅ ነገር አለ። እርሻው ትርፍ ማስገኘቱ በታየ ጊዜ በጭላሎ ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኛውን እያስነሡ በትራክተር ማረስ ያዙ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ የአዲሱ እርሻ በረከት ለአንዳንዱ ስደት ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ። ዝናብ የሚበረታበት የደጋው ቀይ አፈር ብረትና አሉሚንየም የበዛበት ነው። ዳፑ በእርጥበት እንደ ሟሟ እነዚህ ፎስፌቱን ይይዙትና የማይሟሟ ያደርጉታል። ስለዚህ ሰብሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከአሥር እጅ ከአንድ እስከ ሦስት ብቻ ነው። የቀረው አልጠፋም፤ በአፈሩ ተይዞ ይቈይና በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይለቀቃል። ባለዕዳው ግን ያን ያህል የሚታገሥ አበዳሪ ከወዴት ያገኛል?

መድኃኒቱ አጨማመሩ ላይ ነው። ፎስፌት እንደ ናይትሮጅን ከውሃ ጋር አይጓዝም፤ ከወደቀበት ፈቀቅ የሚለው በጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። በእርሻው ሁሉ ላይ የተበተነ እንደ ሆነ በሰፊው ከአፈሩ ጋር ይነካካና በሰፊው ይያዛል። በመስመር፥ በዘሩ ጎን ወይም ከዘሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ በፈሩ ውስጥ የገባው ግን አፈሩ ሳይጨርሰው ሥሩ ይደርስበታል። ከዘሩ ጋር ግን በብዛት አይነካካ፤ ከጠጠሩ የሚወጣው አሞንያ ቡቃያውን ያቃጥላልና።

ስለ አመድም አንድ ቃል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፎረሱ ግን በአመዱ ይቀራል። አመዱም የሚደፋው በጓሮ ስለ ሆነ፥ ከብቱ በሩቁ መስክ የጋጠው ፎስፎረስ በየዓመቱ ወደ ቤት እየመጣ ከጓሮ ይከማቻል፤ ጓሮው የሚለመልመው በከንቱ አይደለም። አመድ ለእርሻም ይጠቅማል። ነገር ግን አመድን ወይም ኖራን ከዳፕ ጋር በአንድ ዕቃ አትደባልቁ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል፤ ያም ሽታ በገንዘብ የተገዛው ናይትሮጅን አሞንያ ሆኖ ሲበር ነው። ኖራ አሲድ የበዛበትን መሬት ያለዝባል፥ ፎስፌቱንም ከአሉሚንየም እጅ ያስጥላል፤ ስለዚህ ከዘር አስቀድሞ፥ ቢቻል ከአንድ ወር በፊት፥ ለብቻው ተበትኖ በእርሻ ይቀላቀል። ዳፑ የሚገባው ዘሩ በሚዘራበት ዕለት ነው።