ወፍ በግቢያችን

እሱ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ወፎችን ወደ ግቢ ለመሳብ ጥሬ መበተን ይበቃል ባይ ነኝ።

እሷ፦ ጥሬ ድንቢጥና ርግብ ያመጣልሃል። ያቺ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለው፣ ወንዱ የሚያብረቀርቀው ወፍ ግን ጥሬህን ዞር ብላም አታየው። የአበባ ማር ነው የምትመጠው።

እሱ፦ ታዲያ ስኳር በጥብጠን እናስቀምጥላት?

እሷ፦ ምን አደከመህ፣ እሬት ትከል! ቀይ አበባው ይጠራታል። ሰፊ ቦታ ካለህ ደግሞ ቆርች።

እሱ፦ እሺ። ተባይ ሲመጣ ግን መድኃኒት መርጨት አይቀርም።

እሷ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ማር መጣጯም ሆነች ድንቢጧ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። ትሉን ስትፈጅ የጫጩቱን ምግብ ፈጀህ ማለት ነው።

እሱ፦ ኧረ የጎመኔስ ነገር?

እሷ፦ ትሉን በእጅህ ልቀመው! ለሁለት መደብ ጎመን ይህን ያህል አይከብድም።

እሱ፦ ይከብዳል እንጂ... ይሁን። ውሃስ?

እሷ፦ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሳህን። በየቀኑ ቀይረው፣ ትንኝ እንዳይራባበት።

እሱ፦ የጎረቤት ድመትስ?

እሷ፦ ሳህኑን ከቁጥቋጦ ራቅ አድርገው፤ ስታደባ ከሩቅ ያዩአታል።

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ እናንተ ግቢ የሚመጡት የትኞቹ ናቸው? ደውሉልን፣ መስመሩ ክፍት ነው።