ኪኒኑ አልወርድ ሲል ዝም አንበል

(የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በጤና ጣቢያው መጠበቂያ ዳስ ለነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምናነጋግራችሁ ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ነገር ስለምናየው፣ ነገር ግን የቆየ በሽታ ያለበትን ሰው ከምግቡም ከመድኃኒቱም ሊለየው ስለሚችል ችግር ነው። ይኸውም የጉሮሮ መጥበብና የመዋጥ ችግር ነው።

ከራሳችን ስህተት እንጀምር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ አንዲት እናት መድኃኒቷን አቋርጣ ነበር። እኛም ቤቷ ድረስ ሄደን «ለልጆችሽ አታስቢም ወይ?» ብለን ተቆጣናት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለችን። በኋላ ለጎረቤቷ እንደነገረቻት ግን፣ ውሃ እንኳ ስትውጥ ከጉሮሮዋ እስከ ደረቷ እንደ እሳት ያቃጥላት ኖሯል። አፏ ሲታይ ምላሷና ላንቃዋ እርጎ የተቀባ ይመስል ነበር። ኪኒኗን ቆጠርን እንጂ ጉሮሮሽ እንዴት ነው ብለን አልጠየቅናትም። ታክማ መድኃኒቷን ቀጠለች፤ እኛም ይቅርታ ጠየቅናት።

ያ ነጭ ነገር ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ነው። የሰውነት የመከላከል አቅም ሲደክም ከአፍ አልፎ ወደ ምግብ ቧንቧ ይወርዳል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለባቸውንና የስኳር በሽተኞችን ይበልጥ ያጠቃል። ፍሉኮናዞል በሚባል መድኃኒት፣ የምግብ ቧንቧ ድረስ የወረደው አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 21 ቀን ታክሞ ይድናል። ለአስም በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ የምትጠቀሙም ይህ ፈንገስ እንዳይወጣባችሁ፣ ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡና ትፉ። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ አፍን መደበቅ ግን ሁለት በሽታ ማስታመም ነው።

የጉሮሮ ችግር ሁሉ ከፈንገስ የሚመጣ አይደለም። ደም ግፊት ኖሮበት ስትሮክ የመታው ሰው የመዋጫ ጡንቻው ሊሰንፍ ይችላል። ምልክቱ ሲጠጣ ትን ማለቱ፣ ከምግብ በኋላም ድምፁ እርጥብ መስሎ መሰማቱ ነው። ምግቡ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያስከትላል። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ተኝቶ ወይም እያንቀላፋ አታጉርሱት። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በትንሽ ማንኪያ ስጡት፤ መዋጡን ሳታዩ ሌላ አትጨምሩ። ለብዙዎቹ ከቀጭን ውሃ ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ይቀላቸዋል። ሆኖም አመጋገቡን ጤና ባለሙያ አይቶ ይወስን።

ሌላው ውሃ ለመቆጠብ ሲባል ኪኒን በደረቁ መዋጥ ነው። የውሃው ሰልፍ ምን ያህል እንደሚያደክም እናውቃለን። ይሁንና እንደ ዶክሲሳይክሊንና ለደም ማነስ እንደሚሰጠው የብረት ኪኒን ያሉት የምግብ ቧንቧ ላይ ከተጣበቁ ያቆስላሉ። ስለዚህ ለኪኒን የሚሆን አንድ ብርጭቆ ውሃ ለይታችሁ አስቀምጡ። ተቀምጣችሁ ዋጡ፤ ከዋጣችሁም በኋላ ለግማሽ ሰዓት አትተኙ። ኪኒን መፍጨት የፈለገ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ተፈጭተው የማይወሰዱ መድኃኒቶች አሉና።

ጨጓራ ያለበት ሰው ቃሩ ወደ ላይ ሲወጣ ጉሮሮውን ሊያንቀው ይችላል። ሐሳብ ሲበዛም ጉሮሮ ውስጥ አንድ ነገር የተሰነቀረ ይመስላል፤ ሲበሉ ግን ምግቡ ይወርዳል። ስደተኛ ሆኖ ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው። በሽተኛውን «ያስመስላል» አንበለው። እርሱም «ሐሳብ ነው» ብሎ ሳይመረመር አይቅር።

በተለይ አደራ የምንለው ነገር አለ። «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥል የሚያስቆርጡ አሁንም አሉ። እንጥል መቁረጥ ከላይ ከተናገርናቸው በሽታዎች አንዱንም አያድንም። ብዙ ደም ሊያፈስ፣ ቁስሉ ሊመረዝ፣ ምላጩም ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ሲተነፍስ ጉሮሮው የሚያፏጭ፣ ከንፈሩ ወይም ፊቱ በድንገት ያበጠ ሰው ሌሊትም ቢሆን ተሸክማችሁ አምጡት። መጀመሪያ እንጀራ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻም ውሃ እየከለከለው የሚሄድና የሚከሳ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይምጣ፤ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል መላክ ያስፈልገው ይሆናል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአገራችን በአርሲና በባሌ፣ በኬንያም በምዕራቡ ክፍል በብዛት ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ለዚህ ካንሰር መንስኤ ሳይሆን እንደማይቀር አስታውቋል። ቡናና ሻይ ተዉ አላልንም፤ በረድ ይበል ነው ያልነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። መድኃኒት አልወርድ ሲላችሁ አትጣሉት፤ ትራስ ሥርም አትደብቁት። ያንኑ ቀን መጥታችሁ «አልወርድ አለኝ» በሉን። መድኃኒቱ የሚለወጥ ከሆነ ይለወጣል፤ የሚታከም ከሆነ ይታከማል። ሳንነግራችሁ አቋርጣችሁ ከተገኛችሁ ግን በሽታው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። እኛም ከእንግዲህ ኪኒን ከመቁጠራችን በፊት ጉሮሮአችሁን ልንጠይቅ ቃል ገብተናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል የአገራችን ሰው። ጠያቂ ከሌለም የሚደብቀው ይበዛልና ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠይቅ።