ስለ ደጉ ደበበ
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ንግግር አላውቅበትም። ስለ ስፖርት ተናገር ስባል፣ ጎል አግቢውን ሁሉም ያወራለታልና እኔ ስለ አንድ ተከላካይ ልናገር ብዬ መጣሁ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችና የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ስለነበረው ስለ ደጉ ደበበ።

ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸነፈችን። በማግስቱ ገዳሪፍ ገበያ ሱቄን ስከፍት ጎረቤቶቼ አምስት ጣታቸውን ዘርግተው "ኸምሳ! ኸምሳ!" እያሉ ተቀበሉኝ። ስቄ ሻይ አዘዝኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። አምስት ጎል ሲገባ የሚወቀሰው የኋላ መስመሩ ነዋ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መልሱ ሆነ። ሱቁን ዘግቼ ከጎረቤቶቼ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ገዳሪፍ የተወለደው ልጄ ያኔ 9 ዓመቱ ነው፤ የሱዳንን ቀይ ማሊያ ለብሷል። "አባዬ፣ የኛ የትኛው ነው?" አለኝ በዓረብኛ። እንጀራችን እዚህ፣ እትብቴ እዚያ፤ መልስ አጣሁ።

አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። አንዲት ጎል ብትገባብን ኖሮ 31 ዓመት የጠበቅነው የአፍሪካ ዋንጫ ይቀርብን ነበር፤ አልገባችም። መጮህ አማረኝ፤ ጎረቤቶቼን አይቼ ዝም አልኩ። ከመካከላቸው አንዱ ተነስቶ "መብሩክ" ብሎ ጨበጠኝ።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት፣ እነዚያው ሰዎች ሱቄ መጥተው ለኛ ጮኹ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ፣ አምበሉ ደጉና ጓደኞቹ በ10 ሰው 1 ለ 1 ወጡ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 አገባችብን፤ እሱን ልለፈው። በኋላ ዋንጫውን የወሰደችውን ናይጄሪያን ግን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ያዝናት፤ የተሸነፍነው በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ነው።

ልጄ ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ አጥቂ ልሁን ብሎ አያውቅም፤ ኋላ ነው የሚቆመው። የጥያቄውን መልስ ግን እስካሁን አልነገርኩትም። ቀዩ ማሊያ ጠቦታል፤ እናቱ ከአረንጓዴው ጋር አጥፋ አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።