ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው ሕፃን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው በዓል ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ሰፈራችን ስለ ሄርማታ፣ ስለ ሐሙስ ገበያውና ስለ ቡናው ለመናገር አስበን ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዷ፣ «ሁሉ የሚያውቀውን ከምናወድስ የሸሸግነውን ብንናገር አይሻልም?» ስትል ጠየቀችን። ስለዚህ የምንናገረው በሰፈራችን ስላለ አንድ ሕፃንና ስለ እናቱ ነው።

ይህ ሕፃን የሚኖርበትን ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ በየቀኑ እናልፈዋለን። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ሕፃኑ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመጋረጃ በስተኋላ ይደረግ ነበር። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ አንዳንዶቻችን ፊቱን አይተን ሳቅን፤ በማይገባ ስምም ጠራነው። እናቱ አልተቆጡንም። ልጃቸውን አቅፈው ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። ይህንን በደል የሠራነው እኛው ነን።

ኅሊናችን ስለወቀሰን መምህራችንን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ሕፃኑ የተወለደው ዳውን ሲንድረም ከሚባለው ሁኔታ ጋር ነው። ስያሜውም የተወሰደው፣ በ1866 እ.ኤ.አ. ሁኔታውን በጽሑፍ ከገለጸው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጆን ላንግደን ዳውን ነው። ምክንያቱ ግን እስከ 1959 እ.ኤ.አ. ሳይታወቅ ቆየ። በዚያ ዓመት ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዤንና የሥራ ባልደረቦቹ ምሥጢሩን አስታወቁ። ይኸውም የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት፣ በእነዚህ ሕፃናት ዘንድ 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ስለሚሆን ቁጥሩ 47 ይደርሳል ማለት ነው።

እንግዲህ በየቡናው ዙሪያ «እርግማን ነው፤ የእናቲቱ ኃጢአት ነው፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ክፉ ነገር አይታ ነው» እየተባለ የሚወራው ሁሉ ሐሰት ነው። እናት በበላችው፣ ባየችው ወይም በሠራችው ነገር አይመጣም። የእናት ዕድሜ ሲገፋ አጋጣሚው ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ከወጣት እናቶችም ይወለዳሉ። በሀብታምም በድሃም ቤት፣ በየአገሩና በየሃይማኖቱ ይገኛሉ። ከአንድ ሺህ ያህል ሕፃናት አንዱ እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ ይገመታል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ የሚያሳድግ ቤተ ሰብ ከጎረቤቱ ምን ይሻል?

አንደኛ፣ ደስታውን የሚካፈለው ይሻል። ለማንኛዋም አራስ፣ ለክርስቲያኗም ሆነ ለሙስሊሟ፣ ሄደን እንጠይቃለን፤ ገንፎ እንበላለን፤ እንመርቃለን። በዚህ ቤት ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንደ ለቅሶ ቤት እንቀመጣለን። የእናትን ልብ የሚሰብረው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጤናው መጠበቅ አለበት። የእነዚህ ሕፃናት ጡንቻ ልል ስለሆነ ጡት ለመጥባት ይቸገራሉ፤ እናት ታጋሽና አጋዥ ያስፈልጋታል። ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ከልብ ሕመም ጋር ይወለዳሉ። ስለዚህ ሕፃኑ እንደተወለደ ወደ ሐኪም ተወስዶ ልቡ ይመርመር፤ ጆሮውና ዓይኑም በየጊዜው ይታይ። ለከፍተኛ ሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ቢያስፈልግ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለቀብር ገንዘብ የሚያዋጣ እድራችን ለሕያው ሕፃን የመሳፈሪያ ቢያዋጣ ምን ይጎዳል? በአሜሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ያህል ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ልዩነቱን በአብዛኛው ያመጣው ሕክምናና እንክብካቤ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕፃኑ ጨዋታና ትምህርት ይሻል። ይዘገያል እንጂ ይቀመጣል፣ ይሄዳል፣ ይናገራል። የሚማረውም ሰው ሲያነጋግረውና ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ነው፤ ከመጋረጃ በስተኋላ ማን ያነጋግረዋል? አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ስላጸደቀች፣ የትምህርት በር ለእነርሱም ሊከፈት ይገባል።

ልጅን አለመደበቅ የሚያስከትለውን መልካም ነገር በአገራችን አይተናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት አቶ አባዱላ ገመዳ፣ ከዳውን ሲንድረም ጋር የተወለደችውን ልጃቸውን በአደባባይ አሳወቁ፤ በስሟም ዲቦራ ፋውንዴሽንን መሠረቱ። በየዓመቱ መጋቢት 12 ቀንም፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘንድ የዳውን ሲንድረም ቀን ሆኖ ይከበራል።

እኛም ይህንን ከተማርን በኋላ ወደዚያ ቤት ሄደን፣ «እትዬ፣ በድለናል፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። እናቲቱም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ገንዘብ አልጠይቃችሁም። ልጄን በስሙ ጥሩልኝ» አሉን። ከዚያም መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሕፃኑን አወጡልን።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ እናቱ ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ ሁለት ሁለት እየሆንን ከእርሱ ጋር እንጫወታለን። ኳስ መልሶ መወርወር ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀበት። የወረወራት ዕለት ከእርሱ ይልቅ እኛ ጮኸን፤ ጎረቤትም ምን ሆኑ ብሎ ወጣ።

የጎማና የሊሙ ገበሬ የቡና ችግኝ ሲተክል ጥላ ያበጅለታል፤ ፍሬውንም ዓመታት ይጠብቃል እንጂ «ዘገየህ» ብሎ አይነቅለውም። ለቡና የምናውቀውን ትዕግሥት ለሰው ልጅ እንዴት እንነፍጋለን?

ወላጆቻችን ሆይ፣ ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሕፃን ያለበትን ቤት አስቡ። ነገ ቡና ስታፈሉ እናቲቱን ጥሩ፤ ስትጠሯትም «ልጅሽን ይዘሽ ነይ» በሏት።