የስኪመር መጠን እና የደጋ አየር፦ በመካነ ሰላም የባሕር ውሃ የዓሣ ገንዳ ብናቋቁም
ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ የመነጨው ከተማሪዎች ጥያቄ ነው። የባሕር እንስሳትን በሥዕል ብቻ ከምናያቸው አንድ የማስተማሪያ ገንዳ ማቋቋም አይቻልምን? ብለው ጠየቁኝ። ይቻላል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ የባሕርን ውሃ በልኩ ቀምሞ መሥራት የሚያስቸግር ኬሚስትሪ አይደለም። ይሁንና ይዘውት በመጡት የዕቃ ዝርዝር ላይ ለ300 ሊትር ገንዳ የተመረጠው ስኪመር «እስከ 1,000 ሊትር» የሚል የተጻፈበት ነበር። ምክንያታቸውም ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል የሚል ነው። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ከመጣ በኋላም የሚመለስበት ሱቅ በአቅራቢያ የሌለ በመሆኑ፣ ይህን ምክንያት ዛሬ በጥሞና እንመርምረው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ እንይ። ሥጋ ሲቀቀል በድስቱ ላይ የሚወጣውን አረፋ እናቶቻችን በጭልፋ ገፍፈው ይጥሉታል። ያ አረፋ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ስኪመርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በእሳት ፈንታ አየርን መጠቀሙ ነው። ፓምፑ ውሃና አየር ቀላቅሎ ደቃቅ የአየር ፊኛዎችን በቱቦ ውስጥ ይለቃል። አንደኛው ወገናቸው ውሃን የሚወድ፣ ሌላው የሚሸሽ ሞለኪውሎች ከፊኛው ገጽ ላይ ይጣበቃሉ፤ ፊኛው ሲወጣ አብረው ይወጣሉ፤ አረፋው በአንገቱ በኩል አልፎ ከጽዋው ውስጥ ይፈስሳል።

ፊታችሁ ካሉት ሁለት ማሰሮዎች በአንደኛው የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው በሊትር 35 ግራም ጨው የተሟሟበት ውሃ አለ። በሁለቱም ተመሳሳይ የአየር ድንጋይ እየሠራ ነው። በንጹሑ ውሃ ፊኛዎቹ ሲገናኙ እየተዋሐዱ ይተልቃሉ፤ በጨዋማው ግን ጨው ውሕደቱን ስለሚያግድ ደቃቅ ሆነው ይቀራሉ፣ ውሃውም ወተት ይመስላል። ድቀቱ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሊትር አየር 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ፊኛዎች ሲከፋፈል 6 ካሬ ሜትር ገጽ ይሰጣል፤ ስፋታቸው በግማሽ ቢቀንስ 12 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሐይቅ አካባቢ ቆሮሶ ለማርባት የሚያስቡ ወገኖች ይህንኑ መሣሪያ እንዲገዙ የማልመክራቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጣፋጭ ውሃ ውስጥ ሥራው እጅግ ይደክማል።

በነገራችን ላይ፣ በማሰሮው ያለው የገበታ ጨው ነው። ለዚህ ሙከራ ይበቃል፤ ለእንስሳት ግን አይበቃም። አሞሌያችንም ሆነ የገበታ ጨዋችን በአመዛኙ ሶድየም ክሎራይድ ሲሆን፣ የባሕር ውሃ በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየምም አለው።

አሁን ወደ መጠኑ ልመለስ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር ቁጥር የመሣሪያው አቅም መለኪያ ነው ብላችሁ አትቀበሉት። ስኪመር የሚገፍፈው ሊትር አይደለም፤ ፕሮቲንና መሰል ነገር ነው፤ እርሱም የሚመጣው ከምግብ ነው። ስሌቱን እንሥራው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 300 ሊትር ይባላል። ከላይ የሚተወው ክፍተት፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ፣ ከሥር ያለው የማጣሪያ ገንዳ ሲደመር፣ እውነተኛው ውሃ ወደ 290 ሊትር ይሆናል እንበል። በቀን 5 ግራም ደረቅ ምግብ ብንሰጥና 45 በመቶው ፕሮቲን ቢሆን፣ 2.25 ግራም ፕሮቲን ይገባል። ከዚህ 16 በመቶው፣ ማለትም 0.36 ግራሙ፣ ናይትሮጅን ነው። ሁሉም ወደ ናይትሬት ቢለወጥ በየቀኑ በሊትር 5.5 ሚሊ ግራም ይጨመራል። ምግቡ 1 ግራም ቢሆን ግን 1.1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ገንዳው አንድ፣ የካርቶኑ ቁጥርም አንድ ነው፤ ጭነቱ ግን አምስት እጥፍ ይለያያል።

ስኪመር አንድ ጊዜ የተፈጠረውን አሞኒያ ወይም ናይትሬት አያወጣም፤ የሚቀድመው ከመበስበሱ በፊት ያለውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ሁሉንም አይደለም። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቱ ኬን ፌልድማንና ባልደረቦቹ በ2009 እና በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ የተፈተኑት ስኪመሮች ሊለካ ከሚችለው የኦርጋኒክ ካርቦን ከ20 እስከ 35 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚያወጡ አሳይተዋል። የቀረው በአረፋ የሚያዝ ዓይነት አይደለም። ትልቅ መሣሪያ ይህን ጣሪያ አይሰብረውም።

እንዲያውም ከልክ በላይ የተለቀ ስኪመር በትንሽ ጭነት ላይ ሥራው ይታወካል። አረፋ በሰፊ አንገት ወጥቶ ጽዋው ውስጥ እንዲፈስስ የሚያጸናው በቂ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ፕሮቲኑ ካነሰ አረፋው ግማሽ መንገድ ወጥቶ ይፈርሳል፣ የያዘውንም ወደ ውሃው ይመልሳል። ባለቤቱ ትዕግሥቱ ሲያልቅ የውሃውን ከፍታ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ጽዋው የሚሞላው ውድ በሆነው የባሕር ውሃ ነው።

የምንኖርበት ስፍራ የሚጠይቀን ሌላ ጉዳይ አለ፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚብሰውም እርሱ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 73 በመቶ ይወርዳል። ለፕሮቲኑ ከፍታው ግድ አይሰጠውም፤ የፊኛው ገጽ እዚህም እዚያም ያው ገጽ ነው። ዓሣው ግን ይተነፍሳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የባሕር ውሃ በጠረፍ በሊትር 6.75 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 4.9 አካባቢ ላይ ይሞላል። ስኪመሩ ውሃውን ወደዚህ ጣሪያ ያቀርበዋል እንጂ ከጣሪያው አያሳልፈውም።

ሌሊት መብራት ቢጠፋስ? ዓሣዎቹ ከ3 ሚሊ ግራም በታች መጨነቅ ይጀምራሉ ብለን እናስብ። በጠረፍ ያለ ገንዳ በሊትር 3.75 ሚሊ ግራም ስንቅ አለው፤ የእኛው 1.9 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ያንኑ ያህል ዓሣ ብንይዝ የምንታገሠው ሰዓት በግማሽ ያጥራል። ስለዚህ በደጋ የዓሣውን ቁጥር የሚወስነው አየሩ ነው፤ ዓሣው ሲያንስ ምግቡ ያንሳል፣ ምግቡ ሲያንስ የሚያስፈልገው ስኪመርም ያንሳል። የተማሪዎቹ ምርጫ ከዚህ ሰንሰለት ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

ለጠየቃችሁኝ ገንዳ የምመክረው ይህ ነው። በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም በሚበቃቸው ጥቂት ትንንሽ ዓሦች ጀምሩ። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ውስጥ ለቀላል፣ ለመካከለኛና ለከባድ ጭነት የተለያዩ ቁጥሮች ይሰጣሉ፤ በካርቶኑ ፊት የሚደምቀው አብዛኛውን ጊዜ የቀላሉ ነው። እናንተ በመካከለኛው ረድፍ 300 ሊትር አካባቢ የሚለውን ፈልጉ። የሚቆምበትን የውሃ ጥልቀትም ጠይቁ፤ በበጋ ውሃው በትነት ሲጎድል ጥልቀቱ ይለወጣል፣ አረፋውም አብሮ ይወርዳል፤ በየቀኑ የጎደለውን በንጹሕ ውሃ መሙላት ግድ ይላል። አዲስ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደንብ ባይሠራ አትደንግጡ፤ የፋብሪካው ቅባት እስኪለቅ ነው። ከትልቁ ስኪመር የሚተርፈውን ገንዘብ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በራሱ በሚነሣ የባትሪ አየር ፓምፕ ላይ አውሉት።

ሁለቱን ማሰሮዎች ቀርባችሁ እንድትመለከቱ እጋብዛለሁ፤ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።